የጎትሂልፍ ማስቲካ

የጠረጴዛን ላይ ብቻ የሚወለውል ሰው አልወድም። ላይ ላዩንማ ማንም ያጸዳዋል፤ ሰው የሚታወቀው ታቹን ሲያጸዳ ነው። ከባሌ ከኦይገን ጋር "ጥቁሩ በሬ" የሚባለውን ምግብ ቤታችንን ከከፈትንበት ጊዜ ጀምሮ፣ እሱ ከሞተም በኋላ፣ በየቅዳሜው ጠዋት ወንበሮቹን አንስቼ፣ ተንበርክኬ፣ የጠረጴዛዎቹን ሆድ በኮምጣጤና በብሩሽ ስፈትግ ኖሬያለሁ። በመንደራችን ሌሎች ሴቶች አይፈትጉም ማለቴ አይደለም። እኔን የሚያህል ግን የለም። ይህን የምናገረው ልመጻደቅ ብዬ ሳይሆን ያመጣብኝን ጣጣ ላወራ ስለሆነ ነው።

ጣጣው የመጣው በትልቁ ጠረጴዛ በኩል ነው። ምድጃው አጠገብ ያለው፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ቦታችን ነው ብለው የያዙት፣ እንግዳ ሰው ሳያውቅ ከተቀመጠበት በዓይናቸው ብቻ የሚያስነሱበት ጠረጴዛ ነው። ገበታው አንድ ወጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። አገራችን ድሮ ባሕር ነበር ይባላል፤ የባሕሩ ጭቃ ተጠቅጥቆና ደርቆ አሁን እንደ መጽሐፍ ቅጠል በገጽ በገጹ የሚገለጥ ድንጋይ ሆኗል። እኛ የመስኮት ደፍ፣ የደጃፍ ንጣፍ፣ ጠረጴዛም እንሠራበታለን። አልፎ አልፎ ታዲያ ከገጾቹ መሀል ድንጋይ የሆነ አንድ ፍጥረት ይወጣል፤ ገላው እንደ ዓሣ፣ አፉ ረጅም፣ ዓይኑ የሾርባ ሳህን የሚያክል። ምሁራኑ የሚጠሩበት ረጅም ስም አላቸው። እኛ "አውሬው" ነው የምንለው። አውሬ ያገኘ ሰው በመንደራችን ዕድሜ ልኩን ሌላ ምንም ባይሠራ ማንም አይወቅሰውም።

ጎትሂልፍ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲሰነጥቅ ኖሮ አንድም አውሬ አላገኘም። የተጠመዘዘ ቀንድ አውጣ በየቀኑ ያገኛል፤ የዓሣ ቅርፊትም አግኝቷል፤ አውሬ ግን ወይ ፍንክች። ከአጥሩ ማዶ የሚቆፍረው ፍሪዶሊን ደግሞ አራት አገኘ። ከአራቱ አንዱ በከተማው ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሥሩ በናስ ላይ የፍሪዶሊን ስም ተቀርጿል። ፍሪዶሊን ይህን ናስ በወሬው መሀል በቀን ሁለቴ ያነሳዋል፤ አንዴ ከምሳ በፊት፣ አንዴ ከምሳ በኋላ። ጎትሂልፍ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ድንጋይ የሚያወጣበት ጉድጓድም በመጪው ዓመት ሊደፈን ነው። የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፣ ስሙ የሆነ ቦታ ተጽፎ እንዲቀር።

ያንን ጠረጴዛ ለሰርጋችን ቆርጦ ያመጣልን እሱ ነው። አንደኛውን ፊት እንደ መስተዋት እስኪያበራ ወለወለው። ሰርጉ በማግስቱ ስለነበረ ሌላውን ፊት ለማየት ጊዜ አላገኘም። እኔም በየቅዳሜው ከሥሩ ገብቼ ስፈትግ ብሩሼ በጎርባጣው ላይ ሲንጓጓ፣ ይሄ ሰውዬ መዶሻውን እንዴት ነው የሚይዘው እያልኩ አማው ነበር።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሐኪሙ ጎትሂልፍን ፒፓ ከለከለው። በፒፓው ፋንታ ማስቲካ ማኘክ ጀመረ። በዚያው ጸደይ አንድ ቅዳሜ ከትልቁ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ፣ ልክ ጎትሂልፍ በሚቀመጥበት ጫፍ ላይ፣ እጄ አንድ ድብልብል ነገር አገኘ። ክብ፣ ደረቅ፣ መሀሉ በአውራ ጣት እንደተጫኑት ጎድጎድ ያለ። ደሜ ፈላ። ከኩሽና የሊጥ መፋቂያዬን አምጥቼ ፍቄ አነሳሁት። የሊጥ መፋቂያ ስል ያንን ሰፊ ስለታም ብረት ነው፤ የአገራችንን ፓስታ፣ የሽፔትስሌን ሊጥ፣ ከእንጨት ገበታ ላይ ቀጠን ቀጠን እያደረግን ወደ ፈላ ውሃ የምንፍቅበትን። በሳምንቱ ሁለተኛ ተገኘ። ከዚያ ሦስተኛ።

ጎትሂልፍን ጠየቅኩት፤ ካደ። ማስቲካውን ሁሌ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ እንደሚከት ማለልኝ። ሲምልልኝ ይባስ ተናደድኩ። በኛ አገር የጋራ ደጃፍ የመጥረግ ተራ የደረሰው ሰው በሩ ላይ መጥረጊያ የተሳለባት የእንጨት ሰሌዳ ትሰቀልበታለች። እኔም ሰሌዳዋን ወስጄ የጎትሂልፍ ወንበር ጀርባ ላይ ሰቀልኳትና፣ ማስቲካ መለጠፉን እስኪያምን በየቅዳሜው የምግብ ቤቱን ደጃፍ እንዲጠርግ ፈረድኩበት። አላመነም። ጠረገ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠረገ፣ አላመነም።

ከሥሩ የማነሳውን ደግሞ አልጣልኩትም። እኛ ነገር አንጥልም። ባዶ የፕለም ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አጠራቀምኩት፤ አንድ ቀን፣ ሲያምን ወይም ሲሞት፣ ፊቱ ላይ ልዘረግፍለት። በኔ ምድር ቤት ደግሞ ወረቀት ያልተለጠፈበት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ስለዚህ በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ "የጎትሂልፍ ማስቲካ" ብዬ ጻፍኩበት።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም አንድ ሐሙስ፣ ዶክተር ኢምከ የምትባል የሙዚየሙ ሳይንቲስት መጣች። የሰሜን ባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በቢራ ፋንታ ሻይ የምትጠጣ። የጎትሂልፍ ጉድጓድ ከመደፈኑ በፊት አንድ ጊዜ እንድታየው ተልካ ነው። ግማሽ ቀን አብራው ስትሰነጥቅ ዋለችና ቀንድ አውጣ በቀንድ አውጣ ሆነው ለምሳ መጡ። ምስር ከሽፔትስሌና ከቋሊማ ጋር አቀረብኩላቸው። ኢምከ ማንኪያዋ ወደቀባት፤ ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ በዚያው ቀረች።

ጎትሂልፍ አየኝ፣ እኔ አየሁት። ፍሪዶሊን የሰሜን ሰው ቋሊማ አይስማማውም አለ። ያኔ ከጠረጴዛው ሥር ድምፅ መጣ።

"ወይዘሮ ሮሲና፣ የእጅ ባትሪ ይኖርዎታል?"

"ከጠረጴዛዬ ሥር አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ ካገኙ ዛሬውኑ ቤቱን እዘጋዋለሁ" አልኳት።

"ቆሻሻ አይደለም" አለች። "እባካችሁ ማንም ጠረጴዛውን እንዳይደገፍ።"

ሳህኖቹ ተነሱ። ስድስት ሰዎች ተረባርበው ገበታውን ገለበጡት። በቀን ብርሃን ሳየው ክው አልኩ። መዶሻ ያበላሸው ነው ስለው የኖርኩት ጎርባጣ የጎን አጥንት ነው፤ በተርታ የተደረደረ። እዚያ ጋ ረጅሙ አፍ፣ እዚህ ጋ መቅዘፊያ ክንዶቹ፣ ያ የሾርባ ሳህን ዓይንም ወደ ጣሪያው አፍጥጧል። ሠላሳ አራት ዓመት ሽማግሌዎቹ በጉልበታቸው ሲታከኩት የኖረ አውሬ። ኢምከ አጥንቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ይህን ያህል ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም፣ ሙዚየም ውስጥ ቢሆን ሁለት ዓመት ይፈጅብናል፣ ማነው እንዲህ ድንጋዩን ከላዩ ያነሳለት ብላ ጠየቀች። ኮምጣጤ ነው አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። ያ ኩራቴ ሁለት ደቂቃ ቆየ።

ጎትሂልፍ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፍሪዶሊን ትንሽ ነው አለ። ማንም አልሰማውም።

ኢምከ ሜትሯን ዘርግታ ስትለካ ቆይታ ግንባሯን ቋጠረች። አውሬው ጅራት የለውም። ገላው እስከ ጎትሂልፍ መቀመጫ ድረስ ደህና መጥቶ እዚያ ቀጥ ይላል። ጅራቱ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ደግሞ ጭረቶች አሉ፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ሁሉም ወርዳቸው እኩል አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር። አንድ ሰዓት ሙሉ በሆዷ ተኝታ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። ተነስታ ስትናገር ጉንጯ ቀልቷል። ወይ ይህ ከነጭራሹ ጅራት ያልነበረው ዓይነት ነው አለች፣ ወይ ደግሞ ጅራቱን የበላው ሌላ አውሬ አለ፤ እስከ ዛሬ ታይቶ የማይታወቅ፣ አንድ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ጥርስ ብቻ ያለው። የትኛውም ቢሆን ለዓለም አዲስ ነገር ነው። ለባልደረቦቿ ደውላ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ ለመንደሩ እንደምታስታውቅ ነገረችን። ግምቷ ልክ ከሆነ ጅራት የለሹ ድንጋዩን በቆረጠው ሰው ስም ይጠራል።

"ጎትሂልፍ ተብሎ?" አለ ጎትሂልፍ ከወለሉ ላይ።

"በላቲን ነው የሚጻፈው፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ትጨመራለች።"

"ትጨመር" አለ።

እኔ ያን ጊዜ ከኩሽና በር ላይ ቆሜያለሁ። ሊጥ ላይ ስለነበርኩ የሊጥ መፋቂያዬ በእጄ ነው። ቀስ ብዬ ሽርጤ ሥር ደበቅሁት። ኢምከ ዓለም አያውቀውም ያለችው ባለ አንድ ጥርስ አውሬ እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ወደ መስኮቱ ይዤው አንዱን ድብልብል በመዳፌ ላይ አገላበጥኩት። ማስቲካ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ማስቲካ ነው ብዬ ስለማልኩ አንድም ቀን በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር። የጀርባ አጥንት ነው፤ አንጓው ከነጎድጓዳው። ጎትሂልፍ አልዋሸም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከጅራቱ በላይ አበሸቀኝ።

ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ጎትሂልፍ ስሙን ያገኛል፣ ኢምከ ደስ ይላታል፣ ፍሪዶሊን ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም አፉን ይዘጋል። እኔም ተሳስቻለሁ ከሚለው ቃል እድናለሁ፤ ቃሉን ከዚያ በፊት ተናግሬው ስለማላውቅ እንዴት እንደሚባልም እርግጠኛ አልነበርኩም። የቀረው ጠርሙሱን መጣል ብቻ ነው። ይዤ ጓሮ ወጣሁ፤ አራቱ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ፊት ቆምኩ። ቡናማው ለሚበሰብስ ነው። ይሄ ሕይወት የነበረው ነገር ነውና የቡናማውን ክዳን ከፈትኩ። ግን በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት ያልበሰበሰ አሁን ይበሰብሳል? ዘጋሁት። ቢጫው ለማሸጊያ ነው፣ ማሸጊያ አይደለም። ሰማያዊው ለወረቀት ነው። ጥቁሩ ለሌላ ለማንኛውም ነገር ነው፤ ድንጋይ ግን ጥቁሩ ውስጥ አይገባም፣ የግንባታ ፍርስራሽ ተብሎ በመኪና ይወሰዳል። ደግሞ ጠርሙሱ ለብቻው፣ ክዳኑ ለብቻው። አንድ አጥንት ነው ድንጋይ ነው የማይባል ነገር ታቅፌ እዚያ ስቆም ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሮሲና ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ያለ ቦታው ጣለችው ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ። ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ጎትሂልፍ ነው። በማግስቱ ስሙ በላቲን ሊጻፍ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ለኦይገን ቀብር የገዛው ጥቁር ሱፍ ልብስ ካውያ ቤት ሆኖ፣ እሱ ደጃፌን ይጠርጋል። ወጣሁና ዛሬስ ተወው አልኩት።

"ቅዳሜ አይደል?" አለ። ድንጋይ ድንጋዩን እያየ ጥቂት ጠረገ። "ሮሲና፣ ትላንት መቃብሩ ሄጄ ለኦይገን ነገርኩት። ወንድሜ ሆይ፣ ጉድጓዱ ሲደፈን እኔም አብሬ አልደፈንም አልኩት።"

አንጀቴን በላው፤ እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ ነገር እፈልጋለሁ። ጥጉን አልጠረግከውም አልኩት። ተመልሶ ጠረገው። ከዚያ መጥረጊያውን ተደግፎ፣ ያለ ቁጣ፣ "ማስቲካውን ግን አልለጠፍኩም፤ እንድታውቂው ነው" አለኝ። በየቅዳሜው የሚላት ነገር ናት። ያን ቀን ግን ዘወር ብዬ ገባሁ። ኩሽና ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ ራሴን ሰደብኩ።

እሑድ ምግብ ቤቱ በሰው አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የተገለበጠው ገበታ በሁለት በርሜል ላይ ተጋድሟል። ቄሱ ሳይቀሩ መጥተዋል። ጎትሂልፍ በጥቁር ሱፉ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ማስቲካውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ሲከት በዓይኔ አየሁት። ኢምከ አጠር አድርጋ ተናገረች፤ ባልደረቦቿ ፎቶውን አይተው እንደተደነቁ፣ አዲሱን ስም የሚያስታውቀው ደብዳቤ ማክሰኞ እንደሚላክ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ጎትሂልፍን ሙሉ ስሙን ፊደል በፊደል እንዲነግራት ጠየቀችው።

ጎትሂልፍ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። የመጀመሪያዋን ፊደል ተናገረ።

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጠርሙሱን በአንድ እጄ፣ መፋቂያውን በሌላው ይዤ መጣሁና ሁለቱንም ድንጋዩ ላይ ቁጭ አደረግኋቸው።

"ጅራቱ ይኸው" አልኩ።

ኢምከ መፋቂያውን አንስታ በአንዱ ጭረት ላይ አስቀመጠችው፤ ልክክ አለ። በሁለተኛውም ልክክ አለ። ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረገፈችና ድብልብሎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድር ጀመር። ሠላሳ ስምንት ነበሩ። ጅራቱ ከነኩርባው ሲወጣ ሁላችንም አየነው። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ የታወቀ ዓይነት ነው አለች፤ በሙዚየሙ ምድር ቤት እንደዚህ ያለ ሃምሳ ሦስት አለን። ባለ አንድ ጥርሱንም፣ አለችና እኔን አየችኝ፣ ባለ አንድ ጥርሱንም ብንተወው ይሻላል።

ፍሪዶሊን ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ወንበሩ እስኪንገጫገጭ። እኔ ግን ዓይኔ ጎትሂልፍ ላይ ነበር። እንደቆመ ነው። ስሙን አንዴ ጀምሮታል፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ኢምከ ወረቀት ላይ ለብቻዋ ቆማለች። ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ።

"ስለዚህ ማስቲካ አይደለም" አለ።

"አይደለም።"

"አልለጠፍኩም።"

"አልለጠፍክም" አልኩ፣ ወደ ወለሉ እያየሁ።

"ፍሪዶሊን ጆሮው አይሰማም፤ ጮክ በይ።"

"ጎትሂልፍ ማስቲካ አልለጠፈም" ብዬ ጮኽኩ። "ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስቻለሁ።" አለቀ፤ ወጣልኝ። ጥርስ የመነቀል ያህል ነው፤ ከዚያ አይብስም። ጎትሂልፍ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን እንዴት ልበላችሁ፣ አውሬው የተገኘ ዕለት እንኳ እንዲህ በርቶ አላየሁትም።

ያን ጊዜ ነው ኢምከ ባዶውን ጠርሙስ አንስታ የተለጠፈበትን ያነበበችው። ጽሕፈቱ የማነው ብላ ጠየቀችኝ፤ የኔ ነው አልኳት። አጥንቶቹ መጀመሪያ ሲገኙ የተጻፈ ነው? አዎ አልኩ። ከሰው ፊት ስቄ አላውቅም የምትል የምትመስለው ሴት ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። ከዚያ በሙያቸው አንድ የማይሻር ደንብ እንዳለ ነገረችን፤ አንድ ቅሪተ አካል መጀመሪያ የተጻፈለት ወረቀት፣ ትክክል ሆነም አልሆነም፣ መቼም ቢሆን ከሱ አይለይም። ሊቃውንት ቢመጡ ቢሄዱ፣ ሌላ ስም ቢሰጡትም፣ የመጀመሪያው ወረቀት አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ይታያል። ዓይነቱ የታወቀ ቢሆንም እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አውሬ ምድር ቤት አይገባም አለች። ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ከነጠርሙሱ።

አሁን በከተማው ሙዚየም፣ ከፍሪዶሊን ናስ ፊት ለፊት፣ ከዚያ በእጥፍ በሚበልጥ መስተዋት ውስጥ ነው ያለው። ሰው ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነው። በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ "የጎትሂልፍ ማስቲካ" ይላል። ፍሪዶሊን ናሱን ማንሳት ትቷል።

ሰሌዳዋን ከጎትሂልፍ ወንበር አንስቼ ኩሽናዬ በር ላይ ሰቀልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሃያ ሁለት ዓመት ነው። እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ስጨርስ ሰማንያ ስምንት ይሆነኛል። እሱ ሰባ አራት ነው፤ ተጠርጎ ሳያልቅ አልሞትም ብሏል፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ አይሞትም። በየቅዳሜው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ እያኘከ ያየኛል፤ ጥግ ሲያመልጠኝ በጣቱ መስተዋቱን ቆርቆር ያደርጋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከመውጣቴ በፊት አዲሱ የእንጨት ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ስፈትግ፣ ጎትሂልፍ በሚቀመጥበት ጫፍ ላይ እጄ አንድ ድብልብል ነገር አገኘ። ክብ፣ ለስላሳ፣ መሀሉ በአውራ ጣት የተጫኑት። አሸተትኩት፤ ናና ናና ይላል። አንገቴን አውጥቼ አየሁት። መስኮት መስኮቱን እያየ እንደ ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

መፋቂያዬን አነሳሁ። ከዚያ አሰብኩት። ለዚህችኛዋ ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጠርጎላታል። መፋቂያውን ወደ ኩሽና መለስኩና፣ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።